የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሩ ላይ ያለው ቁልፍ ምን ዓይነት ነው?

በዚህ እትም የሚስተናገዱት ሦስቱም ጥያቄዎች የበር ቁልፍን የሚመለከቱ ናቸው። መልሱን የሚሰጡን በደሴ ከተማ በቁልፍ ጥገናና ገጠማ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ጋሼ። ሰኞ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቁልፍ መቅረጫ ሱቅ ውስጥ በተለማማጅነት የምሠራ ወጣት ነኝ። በማሽን መቅረጽ አያስቸግረኝም። ችግሬ የሚጀምረው ደንበኛ ቤቱ ድረስ ሲጠራኝ ነው፤ በሩ ፊት ስቆም የተገጠመው ቁልፍ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቀውም። በቅርቡ ለአንድ የእንጨት በር መተኪያ ገዝቼ ብሄድ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ብሎኝ ተመለስኩ። አለቃዬ «በጊዜ ትለምደዋለህ» ይሉኛል እንጂ በሥርዓት አላስረዱኝም። ለመሆኑ የበር ቁልፎች ስንት ዓይነት ናቸው? በምንስ ይለያሉ? — ተለማማጅ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለቃህ የነገሩህ ሐሰት አይደለም፤ ዓይን በጊዜ ይለምዳል። ነገር ግን በልምድ ብቻ የሚማር ሰው የሚማረው በሌላ ሰው በር ላይ ነው፤ ለተበላሸው መዝጊያና ለባከነው ቀን የሚከፍለውም ደንበኛው ነው። ቁልፍን መለየት በቅደም ተከተል ሊጠና የሚችል ነገር ስለሆነ የማውቀውን ላካፍልህ። እንዳንምታታ በሩ ላይ የተገጠመውን ቁልፍ፣ በኪስ የሚያዘውን ደግሞ መክፈቻ እያልኩ እቀጥላለሁ።

«ስንት ዓይነት ናቸው?» ብለህ ስትጠይቅ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠይቀሃል። የመጀመሪያው ቁልፉ በሩ ላይ በምን መልክ ተገጥሟል የሚል ነው፤ ሁለተኛው በሆዱ ውስጥ ትክክለኛውን መክፈቻ ከሌላው የሚለይበት ስልት ምንድን ነው የሚል ነው። ሁለቱ የየራሳቸው መልስ አላቸው። በበሩ ጠርዝ ውስጥ የተቀበረ አንድ ሳጥን ሊቨር የሚባሉ ዝርግ ብረቶች ሊኖሩት ይችላል፤ በውጭ ሲያዩት ያንኑ የመሰለ ሌላ ሳጥን ደግሞ በሲሊንደር፣ ማለትም መክፈቻው በሚገባበት ትንሽ የብረት አካል፣ ሊሠራ ይችላል። «የእንጨት በር ቁልፍ» ወይም «የብረት በር ቁልፍ» እያሉ በበሩ ብቻ መጥራት በሱቅ የተለመደ ቢሆንም ለሠራተኛ አይበቃም፤ አብዛኛው የተሳሳተ ግዢ የሚመጣው ከዚህ አጠራር ይመስለኛል።

ስለዚህ እጅህን ወደ መሣሪያ ቦርሳህ ከመስደድህ በፊት በሩን ክፈተውና ጠርዙን ተመልከት። (በሩ ተዘግቶ ከጠበቀህ፣ የሚያስከፍትህ ሰው የቤቱ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ተከራይ መሆኑን በመታወቂያና በጎረቤት ምስክርነት ሳታረጋግጥ ምንም አትንካ፤ ደንበኛው ቢቀየምህም በዚህ ነገር አትደራደር።) ጠርዙ ባዶ ሆኖ ከውስጥ በኩል መዝጊያው ላይ በብሎን የተያዘ ሳጥን ካየህ፣ ያ ላይ በላይ የሚለጠፍ ቁልፍ ነው። በፒያሳና በአራዳ አካባቢ ባሉ የቆዩ የእንጨት በሮች ላይም፣ በላሜራ የግቢ በሮች ላይም ታገኘዋለህ። ይህን ዓይነት ስትተካ ዋናው ጥንቃቄ የቀኝና የግራ ጉዳይ ነው፤ በሩ ወዴት እንደሚከፈትና ማጠፊያው በየትኛው ወገን እንዳለ ሳትጽፍ ወደ ሱቅ አትሂድ።

ጠርዙ ላይ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ከላይና ከታች በብሎን የታሰረ ሰሌዳ ካለና ምላሶቹ በእሱ ውስጥ የሚወጡ ከሆነ፣ ቁልፉ በመዝጊያው ውስጥ የተቀበረ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ምላስ አለው፤ የላይኛው ፊቱ ሰያፍ የሆነ፣ በሞላ የሚመለስና በእጀታ የሚሳብ ነው፤ የታችኛው አራት ማዕዘን ሆኖ በመክፈቻ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነው። አንተን ከደንበኛው ቤት ያስመለሰህ የዚህ ዓይነቱ ቁልፍ ልክ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የተቀበረ ቁልፍ በዓይን ግምት አይገዛም። መጀመሪያ ከሰሌዳው ፊት እስከ መክፈቻው ቀዳዳ መሃል ያለውን ርቀት ለካ። በእንጨት በር ላይ ይህ ልክ ብዙውን ጊዜ 45፣ 50 ወይም 60 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ በቱቦላሬ በተሠራ የብረት በርና በአሉሚኒየም በር ላይ ግን ክፈፉ ጠባብ ስለሆነ 20፣ 25 ወይም 30 ሚ.ሜ. የሆኑ ጠባብ ሳጥኖች ይገጠማሉ። ቀጥሎ ከእጀታው ዘንግ መሃል እስከ መክፈቻው ቀዳዳ መሃል ወደ ታች ለካ፤ 85 ሚ.ሜ. በብዛት ታገኛለህ፣ 72 ሚ.ሜ. የሆኑም አሉ። ይህ ልክ ከተሳሳተ ሳጥኑ ጉድጓዱ ውስጥ ቢገባም የእጀታው ሽፋን ቀዳዳ ከቁልፉ ቀዳዳ ጋር አይገናኝም፤ ያኔ ወይ መዝጊያውን መቦርቦር ወይ ተመልሶ መሄድ ነው። በመጨረሻም የሰሌዳውን ቁመትና ስፋት፣ የሳጥኑንም ጥልቀት ጻፍ። አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ቀላሉ መንገድ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን የሰው ቤት ያለ ቁልፍ ትተህ መሄድህ ስለሆነ፣ ከባለቤቱ ጋር ተስማምተህ ካልሆነ በቀር ልኩን በደብተርህ ጽፈህ ሂድ።

ከእነዚህ ሌላ በመዝጊያው ፊት ላይ በተበሳ ትልቅ ክብ ቀዳዳ የሚገባ ክብ እጀታ ያለው ቁልፍ አለ። የመክፈቻው ቀዳዳ በራሱ በእጀታው መሃል ነው፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ የሚጫን ወይም የሚዞር ትንሽ መቆለፊያ አለው። ትልቁ ቀዳዳ በተለምዶ 54 ሚ.ሜ. ነው፤ ከጠርዝ እስከ ቀዳዳው መሃል 60 ወይም 70 ሚ.ሜ. ይሆናል። ለመኝታ ክፍልና ለመታጠቢያ ቤት ይበቃል፤ ለውጭ በር ግን ብቻውን እንዲገጠም አልመክርም፣ ምክንያቱም የሚይዘው በሞላ የሚመለሰው ምላስ ብቻ ነው። ጓጉንቸርን ለማወቅ ትምህርት ስለማያሻህ በስሙ ብቻ ልለፈው።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር መክፈቻው ነው። ከደንበኛው ተቀበልና ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። ግንዱ ክብ ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ባንዲራ ወደ አንድ ጎን የወጣ ዝርግ ብረት ካለው፣ ቁልፉ ከሁለት አንዱ ነው፤ የእነዚህን ልዩነት ብዙ ሠራተኞች ሳያስተውሉት ይኖራሉ። በዝርጉ ብረት ላይ ያለው ቆረጣ ከላይና ከታች ጎኖቹ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ፣ የቁልፉ ሳጥን ውስጥ የማይንቀሳቀሱ እንቅፋቶች አሉ ማለት ነው፤ ቆረጣው የተሠራው እነሱን እንዲያልፍ ብቻ ነው። ይህ ጥንታዊና ደካማ ስልት ነው፤ እንቅፋቶቹን እንዲስት ተደርጎ የተሳለ አንድ መክፈቻ ብዙ ቁልፎችን ሊከፍት ይችላል። ለቁም ሣጥንና ለውስጥ ክፍል እንጂ ለውጭ በር አደራ አይሰጠውም።

ቆረጣው ከግንዱ በራቀው ጠርዝ ላይ ሆኖ ከፍና ዝቅ እያለ እንደ ደረጃ ከተሰለፈ ግን ቁልፉ የሊቨር ነው። እያንዳንዱ ደረጃ በውስጡ ያለውን አንድ ዝርግ ብረት ወደ ትክክለኛው ከፍታ ያነሳል፤ ከደረጃዎቹ አንዱ ደግሞ ራሱን ምላሱን የሚገፋው ነው። ብረቱ ሳይበቃ ቢነሳም፣ ከልክ በላይ ቢነሳም ምላሱ አይንቀሳቀስም። ይህን «ሁለቱንም ወገን የመከልከል» ስልት እ.ኤ.አ. በ1778 በእንግሊዝ አገር በስሙ ያስመዘገበው ሮበርት ባሮን ነበር፤ ዛሬም ድረስ በሱቅ የሚሸጡት የሊቨር ቁልፎች መሠረታቸው ያው ነው። ደረጃዎቹን ስትቆጥር የብረቶቹን ብዛት በግምት ታገኛለህ፤ ሁለት ወይም ሦስት ብረት ያለው ለውስጥ በር፣ አምስትና ከዚያ በላይ ያለው ለውጭ በር ይሆናል። ዝርጉ ብረት በግንዱ ግራና ቀኝ የወጣባቸው ረዣዥም መክፈቻዎችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

መክፈቻው ዝርግ ሆኖ በአንድ ጠርዙ ላይ ጥርስ የተቀረጸበት ከሆነ፣ አንተ በየቀኑ ማሽን ላይ የምታስረው ዓይነት ነው። ቁልፉ የፒን ሲሊንደር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚዞር እምብርትና የማይዞር አካል አለ፤ በሁለቱ መካከል ፒን የሚባሉ ትናንሽ ዘንጎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሞላ ተገፍተው ይቆማሉ። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ የእያንዳንዱ ጥንድ መገናኛ ልክ በእምብርቱና በአካሉ ድንበር ላይ ስለሚውል እምብርቱ ይዞራል። በጥርሶቹ መካከል ያሉትን ሸለቆዎች ቁጠር፤ አምስት ከሆኑ አምስት ፒን፣ ስድስት ከሆኑ ስድስት ፒን ነው። የጥንት ግብፃውያን በእንጨት ይሠሩት የነበረውን ይህን ሐሳብ ዛሬ በምናውቀው ትንሽ የብረት ሲሊንደርና ዝርግ መክፈቻ መልክ ያደረሰው አሜሪካዊው ሊነስ ዬል (ከአባቱ ጋር ስሙ አንድ የሆነው ልጅየው) ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው።

ጥርሱ በጠርዙ ላይ ሳይሆን በዝርግ ፊቱ ላይ በትናንሽ ጉድጓዶች መልክ የተበሳ መክፈቻም የፒን ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በተራ ማሽን ስለማይቀረጽ ሱቃችሁ የጉድጓድ መቅረጫ ከሌለው ደንበኛውን በቃልህ አታስጠብቅ። መስቀለኛ ግንድ ኖሮት በአራቱም ጎን ጥርስ ያለውም በብረት በሮች ላይ ይገኛል። መክፈቻው ግማሽ ክብ ሆኖ ቆረጣዎቹ ወደተለያየ ማዕዘን ያዘነበሉ ከሆነ፣ በውስጡ የሚሽከረከሩ ክብ ዲስኮች አሉ፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1907 የፈለሰፈው ፊንላንዳዊው ኤሚል ሄንሪክሰን ነው። ዲስኮቹን የሚገፋ ሞላ ስለሌለው አቧራና ዝገት ቶሎ አያሸንፈውም፤ ዝናብ ለሚያገኘው የግቢ በር ጓጉንቸር ሲጠይቁኝ ዋጋው ከፍ ቢልም ይህን ዓይነቱን ነው የምመርጠው። ትንሽና ቀጭን መክፈቻ ያለው፣ በጠረጴዛ መሳቢያና በፋይል ካቢኔት ላይ የሚገጠመው ደግሞ በፒን ፋንታ ስስ ዝርግ ቁርጥራጭ ብረቶች ያሉት ነው።

ደንበኛው መክፈቻው የጠፋበት ከሆነስ? ያኔ የባትሪ ብርሃን ወደ ቀዳዳው ስደድ። በስተኋላው ጨለማ የሚታይበትና በክብ የሚጀምር ሰፊ ቀዳዳ የሊቨር ወይም የዚያ የጥንታዊው ዓይነት ነው። ጠባብና ጠመዝማዛ ቀዳዳ ሆኖ ከፊት ለፊቱ የፒን ክብ ጫፍ ብልጭ ካለ የፒን ሲሊንደር ነው፤ በዚያው ጠባብ ቀዳዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሻገር ዝርግ ብረት ካየህ ደግሞ የመሳቢያው ዓይነት ነው። የፒኑ ጫፍ ናስ ከሆነ ቢጫ፣ ብረት ከሆነ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ዝገት ከያዘው ቡናማ ነው፣ እሱን ካየህ ችግሩ ከመክፈቻው መጥፋት በፊት የጀመረ መሆኑን ትረዳለህ።

አለቃህን አስፈቅደህ በሱቁ ጥግ የተጣሉትን የሞቱ ቁልፎች ሰብስብ። እያንዳንዱን ሳትከፍተው በፊት ምን ዓይነት እንደሆነ በደብተርህ ጻፍ፤ ከዚያ ሞርሳ ላይ አስረህ ክዳኑን ፍታና ግምትህን ከሆዱ ጋር አስተያይ። ክዳኑን ስታነሳ ሞላ ዘሎ እንዳይጠፋብህ ጨርቅ ከላዩ ጣል አድርግበት። ብረቶቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድራቸው፣ ሥዕላቸውንም ንደፍ። መልሰህ ገጥመህ በመክፈቻው ሲዞር እጅህ ላይ የሚሰማህን ልብ በል፤ የሊቨሩ መጀመሪያ ከበድ ብሎ መጨረሻው ላይ ይመታል፣ የሲሊንደሩ ግን ለስላሳ ሆኖ ይዞራል። ይህ ስሜት ካደረብህ በኋላ ደንበኛው በርህ ላይ ቆሞ ሲያስረዳህ ብቻ ግማሹን ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ የማከራያቸው ክፍሎች አሉኝ፤ በሮቹ የብረት ናቸው። በቅርቡ የለቀቀ ተከራይ ከመክፈቻዎቹ አንዱን ሳይመልስ ሄደ። የጠራሁት በያጅ ሙሉ ቁልፉ ተነቅሎ አዲስ መበየድ እንዳለበት ነገረኝ፤ ወጪው ደግሞ ከበደኝ። ሌላ መንገድ የለም? — አከራይ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱ በሩ ላይ ያለው የመክፈቻ ቀዳዳ ምን እንደሚመስል ካዩ በኋላ ነው የሚገኘው። ከላይ ክብ ሆኖ ከታች ጠበብ ብሎ የሚወርድ ቅርፅ ያለው የናስ ወይም የብረት አካል ከታየዎት፣ ሲሊንደሩ ብቻውን የሚወጣ ነው፤ ብየዳም፣ አዲስ ሳጥንም አያስፈልግዎትም። የዚህ ዓይነት ሲሊንደር ክቡ ክፍል ስፋቱ 17 ሚ.ሜ.፣ ጠቅላላ ቁመቱ 33 ሚ.ሜ. ሆኖ በብዙ አገሮች በአንድ ልክ ስለሚመረት፣ የአንዱ ፋብሪካ በሌላው ሳጥን ውስጥ ይገባል።

በሩን ይክፈቱና በጠርዙ ሰሌዳ ላይ፣ በመክፈቻው ቀዳዳ ትይዩ ያለችውን አንዲት ረዥም ብሎን በካቻቪቴ ያውጧት። መክፈቻውን አስገብተው በጥቂቱ ወደ ጎን ሲያዞሩት በሲሊንደሩ መሃል ያለችው ተዟዟሪ ጥርስ ከአካሉ ጋር ትስተካከላለች፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩን ጎተት ሲያደርጉት ይወጣል። ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት ከብሎኗ ቀዳዳ መሃል እስከ ውጭኛው ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ውስጠኛው ጫፍ ለየብቻ ይለኩ። ሁለቱም 30 ሚ.ሜ. ከሆኑ 60 ሚ.ሜ. ሲሊንደር ነው፤ አንዱ 30 ሌላው 40 ከሆነ ግን «70 ስጠኝ» ብለው ቢጠይቁ 35 በ35 ሊሰጥዎት ስለሚችል ሁለቱንም ልክ ለይተው ይናገሩ፣ የውጭውን በማስቀደም። ከገጠሙት በኋላ ሲሊንደሩ ከውጭው ሽፋን ከ3 ሚ.ሜ. በላይ እንዳይወጣ ያረጋግጡ። አካሉ በብሎኗ ቀዳዳ ዘንድ ስስ ነው፤ ወደ ውጭ የተረፈውን ይዞ የሚያጥፈው ሰው እዚያው ላይ ይሰብረዋል።

ቀዳዳው ከላይ የነገርኩዎት ቅርፅ የሌለውና መክፈቻው ክብ ግንድ ኖሮት ጠርዙ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ከሆነ ቁልፉ የሊቨር ነው። እሱም ቢሆን ወዲያው አይጣልም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ የብረቶቹን ቅደም ተከተል በመለዋወጥ አዲስ መክፈቻ ሊቀርጽለት ይችላል። ርካሽ ቁልፍ ከሆነ ግን የእጅ ዋጋው ከአዲሱ ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ክፍሎችዎ ሁሉ ባለ ሲሊንደር ከሆኑ አንድ ትርፍ ሲሊንደር ገዝተው ማስቀመጥ ይጠቅምዎታል፤ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር ትርፉን ገጥመው የወጣውን ለሌላ ጊዜና ለሌላ ክፍል ያቆዩታል። የትኛው መክፈቻ የየትኛው እንደሆነ ክር አስረው ምልክት ማድረግን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። የእንጨት በራችን ክረምት ሲገባ መቆለፍ እንቢ ይላል፣ በበጋ ደህና ይሆናል። ቁልፉን መቀየር ይኖርብናል? ዘይትስ ብናፈስበት? — አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ መጀመሪያ በሩን ክፍት አድርገው መክፈቻውን ያዙሩት። ምላሱ ያለ ችግር ከወጣና ከገባ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የመዝጊያውና የመቃኑ መገጣጠም ነው። የደሴ ክረምት ዝናብና ጉም እንጨቱን እርጥበት ስለሚያጠጣው መዝጊያው ያብጣል፣ ምላሱም ከመቃኑ ቀዳዳ በጥቂቱ ይስታል። የምላሱን ጫፍ በጠመኔ ቀብተው በሩን ዘግተው ለመቆለፍ ይሞክሩ፤ ከዚያ ሲከፍቱት ጠመኔው መቃኑ ላይ ያለውን ብረት የነካበት ቦታ ይታያል። ምልክቱ ከቀዳዳው በላይ ወይም በታች ከሆነ ቀዳዳውን በዚያ በኩል በሞረድ ትንሽ ማስፋት ይበቃል፤ ማጠፊያው ላልቶ መዝጊያው ወርዶ ከሆነ ግን በቅድሚያ የማጠፊያው ብሎኖች ይጥበቁ። እንጨቱ ራሱ ከመቃኑ ጋር የሚፋተግ ከሆነ የሚላገው በክረምት አይደለም፤ እርጥብ ሆኖ የተላገ መዝጊያ በበጋ ሲደርቅ ክፍተት ይተዋል። እስከ በጋ ጠብቀው ያስልጉትና ጠርዙን፣ በተለይ የላይና የታች ጫፉን፣ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ያስቀቡት።

በሩ ክፍት ሆኖም መክፈቻው ከከበደ ግን ችግሩ በቁልፉ ውስጥ ነው። የምግብ ዘይት በምንም ዓይነት አያፍስሱበት፤ ይወፍራል፣ አቧራም ይይዛል፣ ከዚያም ፒኖቹን ያጣብቃቸዋል። ሲሊንደር ከሆነ የግራፋይት ዱቄት ወደ ቀዳዳው ይንፉበት፤ ዱቄቱ ካልተገኘ የለስላሳ እርሳስ ጫፍ በመክፈቻው ጥርሶች ላይ በደንብ አሽተው ደጋግመው ያስገቡና ያውጡት።